የሐሙሱ ስብሰባ እና የቅዳሜው ገበያ

የቃለ ጉባኤው መዝገብ እስካሁን እኔ ጋ ነው። ማስረከብ ነበረብኝ። የሚረከበኝ ሰው ስላጣሁ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። በ2015 ዓ.ም. በከተማችን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ጸሐፊ ነበርኩ። ሰው አሳጥሮ ወተመህ ነው የሚለው። ልጄ ያኔ 11ኛ ክፍል ነበረች። ጸሐፊ ያደረጉኝ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከተማዋ ሰሜን ሸዋ፣ ደጋው ላይ ያለች የወረዳ ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የትምህርት ቤቱንም አልጠራም። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ኩበት ያለባት ከተማ ናት፤ የዞኑ ሰው ሲያነበው «ይሄማ የኛ ነው» ቢል አይገርመኝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ስትወጣ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል። ተማሪው ጋቢ ደርቦ ይመጣል። ጥበቃው ደግሞ «ከዩኒፎርም ውጪ አይገባም» ብሎ በር ላይ ያስወልቀዋል።

እዚህ የምጽፈው በዚያ ዓመት ሰው ስለ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያስብ ለመስማት ያደረግነውን ነው። ሁለቴ ሰማን። ሁለቴም የተለያየ ነገር ሰማን። ትምህርት ቤቱ ግን ያው አንዱ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ጥር መጨረሻ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ነው። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ነው፤ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሰጠው ለእነሱ ነበር። ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ቁጥሩን ሲናገሩ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከኛ ያለፉት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለሪሜዲያል፣ ማለትም ግማሽ ላላመጡ በዩኒቨርሲቲ ለሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት፣ የተመረጡ ጥቂት ልጆች ተጨመሩና ወሬው ትንሽ ረገብ አለ።

እነዚያ ልጆች የተማሩበትን ዓመት መርሳት አይገባም። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ደርሶ ነበር። ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር። ያኔ ነው በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማች ገበሬ ሰብል እንዲሰበስቡ የተባለው። ይህን የምለው ሰበብ ለመደርደር አይደለም። ስብሰባው ላይ ማንም ስላላነሳው ነው።

ስብሰባው የተጠራው የካቲት ውስጥ፣ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ደብዳቤው በተማሪ እጅ ተላከ። ሐሙስ ለማን ይመቻል? ለመንግሥት ሠራተኛ ይመቻል፤ ፈቃድ ጠይቆ ይወጣል። ለባለ ሱቅ ይመቻል፤ ገበያ ቀን አይደለም። ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር ለሚመጣ ገበሬ ግን የካቲት የበልግ እርሻ ነው። በሬውን ፈትቶ ስብሰባ አይሄድም። ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብኩም። አዳራሹ ሞላ፤ ሞላ ብዬም ጻፍኩ።

ከመዝገቡ ላይ ልገልብጥ። ወላጆች የተናገሩት እንዲህ ተጽፏል፦ የተማሪው ፀጉር ቁርጥ ሥርዓት ይያዝ። ሞባይል በር ላይ ይወረስ። ጫት ቤትና ፑል ቤት ከትምህርት ቤቱ ዙሪያ ይነሱ። መምህራን ልጆቹን አይቆጡም። ዱሮ መምህር ሲያልፍ ከወንበር እንነሳ ነበር። ይህች የመጨረሻዋ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ስለተናገሯት ሦስት ጊዜ ተጽፋለች።

መምህራኑ መለሱ። ተማሪው ሳያነብ ነው የሚመጣው። ወላጅ ካርድ ለመፈረም እንኳን አይመጣም። አንድ የሒሳብ መምህር ተነስቶ፣ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ክፍልፋይ መደመር የማይችል ልጅ እንዳለው ተናገረ። ድምፁ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ድካም ነበር። አዳራሹ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ አባት ተነሱና ወደ ፀጉሩ ጉዳይ መለሱን።

ተማሪን ወክሎ የካውንስሉ ሊቀመንበር ተናገረ። «ትምህርት ቤታችን ጥሩ ነው፤ ያሉት ክፍተቶች ከባለድርሻ አካላት ጋር በመሆን ይቀረፋሉ» አለ። የ17 ዓመት ልጅ ነው። ቃሉን ከየት እንደተማረው ሁላችንም እናውቃለን።

ውሳኔው አንድ ነበር፤ ሞባይል ይዞ የተገኘ ተማሪ ስልኩ ይወረሳል። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ስንወጣ የባዮሎጂ መምህሯ በረንዳው ላይ ያዘችኝ። ወጣት ናት፤ የመጣችው ከደብረ ብርሃን ነው። «ጋሼ፣ የልጆቹ መጽሐፍ የት እንዳለ ያውቃሉ?» አለችኝ። ቤተ መጻሕፍት አልኳት። ሳቀች።

ያን ዓመት 9ኛና 10ኛ ክፍል አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ጀምረው ነበር። መጽሐፉ አልታተመም። የመጣው በሶፍት ኮፒ ነው። ልጆቹ በቴሌግራም እየተቀባበሉ ስልካቸው ላይ ጭነውታል። ስልክ የሌለው ካለው ጋር ተለጥፎ ነው የሚያነበው። እኛ አጨብጭበን የወረስነው እንግዲህ መጽሐፉን ነው።

«ተማሪዎቹን እኮ ማንም አልጠየቃቸውም» አለችኝ። እኔ ደግሞ የአስተያየት ሳጥኑን አስታወስኳት። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ የተሰቀለ ሰማያዊ ሳጥን ነው። ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል። ኋላ ላይ በጉጠት ስንከፍተው የማስቲካ ልጣጭና አንድ የፍቅር ደብዳቤ አገኘን። ደብዳቤው ለማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አድራሻው ግን 10ኛ ሐ ይላል።

ርዕሰ መምህሩን አስፈቀድን። ሰውየው ክፉ አይደለም። «ስም እንዳይጻፍ፤ መምህር እንዳይሰደብ» ብሎ ፈቀደ። ከየክፍሉ የተወሰኑ ልጆች ወረቀት እንዲጽፉ ሆነ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ጥያቄያችን «ስለ ትምህርት ቤትህ ያለህን አስተያየት ግለጽ» የሚል ነበር። መልሱ «ጥሩ ነው» ወይም «ይሻሻል» ሆነ። አንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ጽፏል፤ ሳነበው የሲቪክስ ደብተሩን ነው የገለበጠው።

መምህሯ ጥያቄውን ቀየረችው። ትናንት ስንት ክፍለ ጊዜ ተማርክ? ያልተማርክበት ካለ ለምን? ባለፈው ሳምንት ያልገባህ ነገር ምንድን ነው፣ ማንንስ ጠየቅክ? ግቢ ውስጥ የማትሄድበት ቦታ አለ? ለምን? በቃ፣ ይሄው ነው። አስተያየት የሚል ቃል የለበትም።

ወረቀቶቹ በዱቄት ጆንያ ተሰብስበው መጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነን መምህራን ማረፊያ ውስጥ ተቀምጠን አነበብን፤ እኔ፣ መምህሯና አንዲት ሌላ እናት። ከደብተር የተቀደዱ፣ አራት ጊዜ የታጠፉ ወረቀቶች ናቸው። አንዳንዱ እጥፋቱ ላይ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ልጁ ይስጥ አይስጥ እያለ ሲያሽ እንደነበር ያስታውቃል።

ስለ ፀጉር የጻፈ የለም።

ከሁሉ በላይ የተጻፈው ስለ ኖት ነው። መምህሩ ገብቶ በእንግሊዝኛ ኖት ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ ደወል ይደወላል። ክፍለ ጊዜው አርባ ምናምን ደቂቃ ነው፤ ኖቱ ሠላሳውን ይበላዋል። መጽሐፍ ቢኖር ኖት መጻፍ ባላስፈለገ። ጊዜ ተርፎት በአማርኛ ካስረዳ ይገባቸዋል። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንዲት ልጅ የጻፈችውን መምህሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፎቶሲንተሲስን በአማርኛ ሲያስረዷት ገብቷት ነበር፤ ፈተናው ላይ የመጣው ጥያቄ ስለ እሱ መሆኑን ያወቀችው ግን ከወጣች በኋላ ነው። «ያስረዳኋት እኔ ነኝ» አለች መምህሯ። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ ዕለት እንግሊዝኛ የሚለውን ቃል ያነሳ አንድም ወላጅ አልነበረም። እኔም አላነሳሁም። ልጄ ኖት ሞልታ ስትመጣ የተማረች ይመስለኝ ነበር።

ስለ ቤተ ሙከራ የጻፉም ነበሩ። ተቆልፏል፤ ማይክሮስኮፑን በመስኮት ነው የሚያዩት። ስለ ፕላዝማ አንድ ቀልደኛ ጽፏል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት የሚያስተምር ተብሎ በየክፍሉ የተሰቀለው ትልቁ ቴሌቪዥን ነው። እሱ ክፍል ያለው አሁን የሚያገለግለው መስተዋት ሆኖ ነው፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን ያስተካክሉበታል።

አራተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ነው የተከፋሁት። ግቢ ውስጥ የማትሄዱበት ቦታ። ወንዶቹ ከኳስ ሜዳው ጀርባ፣ ዱርዬ አለ ብለው ጽፈዋል። ሴቶቹ አንድ ነገር ደጋግመዋል፤ መጸዳጃ ቤት። በር የለውም። ውሃ የለውም። አንዷ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ውሃ እንደማትጠጣ ጽፋለች፤ እንዳትሄድ። ሌላዋ በወር ሦስት ቀን ትቀራለች፤ ካርዷ ላይ «ያለ ምክንያት» ተብሎ ይሞላል። ጽሑፉ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። «ቀ»ን ስትጽፍ አናቷን ዘለግ ታደርጋለች።

የልጄ እጅ ጽሑፍ ነው። ካርዱን እየፈረምኩ «ለምን ቀረሽ?» ብዬ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። አብራን የምታነበው እናት ዓይኔን አይታ ወረቀቱን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችና ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለችው። እስከ ዛሬ ለልጄ አልነገርኳትም። ቤት ስገባ «ጠዋት ውሃ ጠጪ እንጂ» አልኳት፤ የሚረባ ነገር አልወጣኝም።

ልጆቹ ግን ትምህርት ቤቱን አይጠሉትም። ይህ ከጠበቅነው ውጪ ነበር። ያ በስብሰባው ላይ የተናገረው የሒሳብ መምህር ቅዳሜ ጠዋት በነጻ ያስጠናቸዋል። ማን ነው ያልገባችሁን የጠየቃችሁት ስንል የሱ ስም ከሁሉም ክፍል መጣ። ስለ ቅዳሜው ጥናት ሐሙስ ዕለት ትንፍሽ አላለም። ከገጠር የመጡ ሴቶች ደግሞ ሌላ ነገር ጽፈዋል። ትምህርት ቤት እስካሉ ድረስ ሽማግሌ ቢላክም አባታቸው «ትጨርስ» ይላል። ከቀሩ ግን በዓመቱ ይዳራሉ። ለእነሱ ግቢው በር የሌለው ሽንት ቤትም ነው፣ መጠለያም ነው። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈውታል።

አሁን ወደ ገበያው ልሂድ።

እነዚህ የገጠር ልጆች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ስምንተኛን በቀበሌያቸው ይጨርሱና ለዘጠነኛ ወደ ከተማ ይመጣሉ። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። አርብ ከሰዓት ወደ ቤታቸው፣ እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው መልስ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ የገብስ እንጀራ፤ አንዳንዴም ለማብሰያ ኩበት። እንጀራው እስከ ረቡዕ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በሶ ነው። የእነዚህ ልጆች ወላጆች ሐሙስ ዕለት አልነበሩም። መዝገቡን አገላብጬ አየሁት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የተደረጉት ስብሰባዎች በሙሉ በሥራ ቀን ነው የተጠሩት።

ቅዳሜ ግን ይመጣሉ። ሰንበት ስለሆነ አይታረስም፤ ገበያውም ያው ቅዳሜ ነው። መምህሯና እኔ ከእህል ተራ አጠገብ አንዲት ጠላ ቤት በር ላይ አግዳሚ ይዘን ተቀመጥን። መጀመሪያ ሰው ሸሸን። እሷ ደብተር ይዛ ስለነበር ግብር ሰብሳቢ መስለናል። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው ሰው መምጣት ጀመረ።

«ልጅዎ የሚማርበት ትምህርት ቤት እንዴት ነው?» ስንል «ደህና ነው፣ እግዜር ይስጣቸው» ነው መልሱ። እዚህም ጥያቄውን መቀየር ነበረብን። «ልጅዎ ቤት ሲመጣ ምን ያደርጋል?» አልን። ያኔ ነገር መጣ።

አንድ በግ ሊሸጡ የመጡ ሰውዬ ነበሩ። ማንበብ አይችሉም፤ ልጃቸው 10ኛ ክፍል ነው። የልጃቸውን ትምህርት የሚለኩት በሻማ ነው። «አምና ሻማ ግዛልኝ እያለ ያስቸግረኝ ነበር። ዘንድሮ አይለኝም። እንግዲህ ወይ ጎብዟል ወይ ትቶታል» አሉን። መምህሯ ልጁን ታውቀዋለች፤ ጎበዝ አይደለም፣ አልተወምም። ለምን እንደማይጠይቅ ጠየቅናቸው። የኪራይ ቤቷ ባለቤት ከማታው ሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ያጠፋሉ፤ ቆጣሪ ይቆጥራል ብለው። ሻማም ከልክለዋል፤ እሳት ይነሳል ብለው። ልጁ ሻማውን የተወው የሚያበራበት ቦታ ስላጣ ነው።

ከሳቸው በኋላ የጠየቅነው ሰው ሁሉ ስለ መብራት ያወራ ጀመር። አከራዮች መብራት በሰዓት ነው የሚሰጡት። አንዲት እናት ልጃቸው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በር ላይ ባለ አምፖል ሥር ቆሞ ሲያነብ ማየታቸውን ነገሩን። በአመዳይ ወቅት ነው። ባና ለብሶ።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ መብራት አለው። ማታ ማታ በረንዳው ላይ አምፖሎቹ ይበራሉ፤ ክፍሎቹ ተቆልፈዋል። ሌባ እንዳይገባ።

የቅዳሜዎቹ ወላጆች ሌላም ነገር አላቸው። የከተማው ወላጅ ትምህርት ቤቱን የሚመዝነው በፈተና ውጤት ነው፤ እነሱ በወጪው ይመዝኑታል። የኪራይ፣ የስንቅ፣ የጠፋ ጉልበት። ልጁ ቢኖር በሬ ይጠምዳል፣ ከብት ይጠብቃል። አንዱ አባት «3.3 በመቶ» የሚለውን ከሬዲዮ ሰምተዋል። «ከመቶ ሦስት ማለት ነው አይደል? እህል እንዲህ ቢሰጠኝ ደግሜ አልዘራውም ነበር» አሉ። ቀጥሎ ግን ታናሹንም ለዘጠነኛ እንደሚልኩት ነገሩን። ለምን አልን። «መሬቱ ለሁለት አይበቃማ» አሉ። ትምህርቱን አምነውበት ነው የሚልኩት ብዬ የጻፍኳቸው ሪፖርቶች ትዝ አሉኝ።

ሁለተኛው ስብሰባ መጋቢት ውስጥ በቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተጠራ፤ ገበያው ሳይደምቅ። ርዕሰ መምህሩ «ቅዳሜ ማን ይመጣል?» ብሎ ነበር። መጡ። ዱላቸውንና አህያቸውን ይዘው መጡ፤ አህያ ግቢ አይገባም ተብሎ በር ላይ ክርክር ነበር። ወረቀቶቹ ተነበቡ። ስም የለም፤ የልጄንም አነበብኩ፤ ድምፄ እንዳይሰበር ፈጠን ብዬ።

የከተማው ወላጆች ስልክ ውስጥ ያለው መጽሐፍ መሆኑን ሲሰሙ ተሳሳቁ። ውሳኔው ተነሳ፤ ስልክ ግን ክፍል ውስጥ በመምህር ፈቃድ ብቻ ተባለ። ስለ ኖት መምህራን ተከፋፈሉ። አንዳንዱ «መጽሐፍ አምጡና ኖት እንተው» አለ፤ ልክ ነው። የተስማሙት ከኖቱ ጋር አምስት ስድስት ቁልፍ ቃላትን በአማርኛ ትርጉማቸው ለመጻፍ ነው። የክፍል አለቆች መምህር ገባ አልገባ የሚሞሉበት ቅጽ ይዘጋጅ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። መምህራኑ «ተማሪን ሰላይ አደረጋችሁብን» አሉ። ቅጹ ለሁለት ሳምንት ሠራ፤ ከዚያ አለቆቹ ሁሉንም «ገባ» እያሉ መሙላት ጀመሩ። አልፈርድባቸውም። መምህሩ ውጤት የሚሰጥ ነው።

የማታው ክፍል ግን ጸና። አንድ ክፍል ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይከፈት ተባለ። የማታ ጥበቃው ተጨማሪ ሥራ ስለሆነ ገንዘብ ጠየቀ። የትምህርት ቤቱ በጀት ለዚህ የለውም። የገጠሮቹ አባቶች እርስ በርስ ተያዩና በወር አንዳንድ ቁና ገብስ እንሰጣለን አሉ። ጥበቃው ብር ይሻለኛል ብሎ አንገራገረ። በኋላ ሚስቱ ጠላ ስለምትጠምቅ ተቀበለ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በዓይነት» ብዬ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ሰሞን ክፍሉ ሞላ፤ አንድ አግዳሚ ላይ አራት ሆነው። ሁሉም ግን ወንዶች ነበሩ። ይህን አስቀድመን አላሰብንበትም። ሴቶቹ ማታ እንዴት ይመለሳሉ? ወላጆቻቸውም አልፈቀዱም፤ ልክ ናቸው። የባዮሎጂ መምህሯ ለእነሱ ቤተ መጻሕፍቱን ከትምህርት በኋላ እስከ 12 ሰዓት ትከፍትላቸው ጀመር። ውሃ ለመቅዳትና ራት ለመሥራት የሚሮጡበት ሰዓት ስለሆነ የሚመጡት ጥቂት ናቸው። ወንዶቹም ራት ይሠራሉ እንጂ ብላ ተከራከረችኝ። አብረው በሚከራዩት ወንዶች ዘንድ እውነት ነው። ከእህቱ ጋር የሚከራየው ግን አይሠራም።

ግንቦት ላይ የግቢው መብራት ተበላሸና ክፍሉ ሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። አንድ ቅዳሜ ጥበቃው ቁናውን ይዞ ቤቴ መጣ። «ያልሠራሁበት ነው፤ ለማን ልመልሰው?» አለኝ። ለማን እንደምንመልሰው ሁለታችንም አላወቅንም። ባለቤቴ ቆልታው መብራቱ ሲመለስ ለልጆቹ ወሰደችላቸው።

ለሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር ተገጠመ። የከተማው አናጺዎች ጉልበታቸውን በነጻ ሰጡ፤ ቆርቆሮው ከወላጅ መዋጮ ነው። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው፤ ይህን ልጄ ነች ያስተካከለችው። የመጀመሪያው አናጺ ከውጭ ነበር የገጠመው።

ይህ ሁሉ ውጤት አምጥቷል ወይ የሚለኝ ሰው አለ። መስከረም 2016 መጨረሻ ላይ የወጣው የአገር አቀፉ ውጤት 3.2 በመቶ ነበር፤ ከ845,188 ተፈታኞች 27,267። አንድም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ደረሱ። በ2016 ተፈታኞች ላይ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። የሦስት ወር የማታ ጥናት እዚህ ቁጥር ውስጥ የት ጋ እንደሚታይ አላውቅም፤ የሚታይም አይመስለኝም። ያ የሻማው ልጅ 10ኛን አለፈ። ዱሮ ቢሆን ማትሪክ የሚፈተንበት ክፍል ነበር፤ አሁን የክፍል ፈተና ነው። አባቱ በካርዱ ላይ ያለውን ቀይ ቀለም ቆጥረው፣ ከአምናው ያንሳል አሉ።

ከዚያ ነሐሴ 2015 መጣ። በአማራ ክልል የተቀሰቀሰውን ግጭት ሁሉም ያውቀዋል። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ትምህርት ሲጀመር ሲቋረጥ ቆየ። ከገጠር የሚመጡት ልጆች ስንቅ ተሸክመው የሚያልፉበት መንገድ አስፈሪ ሆነ። አንዳንዶቹ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገቡ፤ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ፤ ሴቶቹ ዓረብ አገር። የባዮሎጂ መምህሯ ተዛወረች። ልጄን አዲስ አበባ እህቴ ጋ ላክኋት። እንዲህ ማድረግ የቻልኩት አዲስ አበባ እህት ስላለችኝ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የበጉን ሰውዬ እህል ተራ አገኘኋቸው። ታናሹን ልከውታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ልከውታል። «ያ ክፍል ማታ ይከፈታል እንዴ?» አሉኝ። ቁልፉ ጥበቃው ጋ እንዳለ ነገርኳቸው። ገብሱን ከየት ወር ጀምረው እንደሚያመጡ ጠየቁኝ፤ ጥበቃውን አነጋግሬ እነግርዎታለሁ አልኩ።

ቤት ስገባ መዝገቡን አወረድኩት። የመጨረሻው ስብሰባ ሰኔ 2015 ነው። አጀንዳ አራት፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ፦ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል።